ስሜን ገልጬ ልናገር ወይስ ዝም ብዬ ላከራይ?

የአንባቢያችን ደብዳቤ፣ ባጭሩ

«በመኖሪያ ቤቴ ያሉኝን ሁለት ክፍሎች በአንድ ታላቅ የኢንተርኔት የኪራይ መድረክ አማካይነት ለእንግዶች ማከራየት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ ሦስት ሌሊት ካደረ በኋላ ‹ክፍሉ በማስታወቂያው እንደተገለጸው አይደለም› ሲል አቤቱታ አቀረበ። መድረኩ እኔን ሳይጠይቅ ሙሉ ገንዘቡን መለሰለት፤ ቅሬታ ባቀረብኩ በሳምንቱ ደግሞ አካውንቴ ታገደ። ለ41 ቀናት ‹የአገልግሎት ደንባችንን ጥሰዋል› ከሚል መልእክት በስተቀር የትኛውን ደንብ እንደጣስኩ የነገረኝ አልነበረም። አስቀድመው ቦታ የያዙ ሰባት እንግዶች ተሰረዙ፤ አርፈው የሄዱ እንግዶች የከፈሉት ገንዘብም ተይዞ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ያለ አንዳች ማብራሪያ አካውንቴ ተከፈተ። ሌሎች አከራዮችን ሳነጋግር ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ብዙ ሆነው አገኘኋቸው። ‹አንቺ መጻፍ ስለምትችዪ ተናገሪልን› ይሉኛል፤ ስማቸውን ለመስጠት ግን ይፈራሉ። እኔ ስሜን ገልጬ የማወጣው 11 ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ አያይዤልዎታለሁ። ባለቤቴ ‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ› ይለኛል፤ ከአሥር እንግዶቻችን ዘጠኙ የሚመጡት ከዚያው መድረክ ነውና። ልናገር ወይስ ልተወው?»

ዝምታው የከበዳት አከራይ

መልስ

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤዎንም ጽሑፍዎንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ምክሬ እንዲናገሩ ነው። የሚናገሩት ግን ዛሬ ባይሆን፣ ያዘጋጁትንም ጽሑፍ እንዳለ ባያወጡት እመርጣለሁ። ምክንያቴን ላስረዳዎት።

በመጀመሪያ፣ የደረሰብዎት ነገር ቀላል እንዳልሆነ በግልጽ ልበልዎት። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ይበልጥ ያቆሰለዎት የተመለሰው የሦስት ሌሊት ኪራይ አይደለም፤ ሳይጠየቁ መፈረድዎ፣ የተፈረደብዎትም በምን እንደሆነ አለመነገሩ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የማያውቁትን ሰው በራስዎ ጣሪያ ሥር አሳድረው፣ አንሶላ አጥበው፣ በውድቅት ሌሊት ቁልፍ አቀብለው ያገኙት መልካም ስም በአንድ መልእክት ሲዘጋ፣ ለመልስዎም ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሆነ ተመሳሳይ መልእክት ሲደጋገምብዎት፣ ዝም ማለት የሚከብድዎት ቂመኛ ስለሆኑ አይደለም። ይህን የምለው ጽሑፍዎ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ «ምናልባት እኔ ነገር አካብጄ ይሆናል» ብለው ስለጻፉ ነው። አላካበዱም።

የመድረኩን ስም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠይቅዎትም። ከዚህ በታች በስም የምጠራቸውን ኩባንያዎች የማነሣቸው ታሪካቸው በአደባባይ የታወቀ ስለሆነና ለእርስዎ ጥያቄ ብርሃን ስለሚሰጥ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ፍራንሲስኮ የምትኖር አንዲት ሴት በኤርቢኤንቢ በኩል መኖሪያዋን አከራይታ ስትመለስ ተዘርፎና ፈራርሶ አገኘችው። በጁን ወር መጨረሻ የሆነውን ሁሉ በይፋ ጻፈች። ጽሑፉ ለሳምንታት ያህል ብዙ ሰው ሳያየው ከቆየ በኋላ በጁላይ መጨረሻ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ኦገስት 1 ቀን የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ብራያን ቼስኪ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፣ ለአከራዮች ንብረት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ዋስትና እንደሚጀመርም አስታወቁ። በዓመቱ ዋስትናው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር አደገ። ከዚያ በፊት ይህን የሚመስል ዋስትና አልነበረም። ያንን ጽሑፍ ሳስብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነገር አለ፤ ሴትዮዋ ሰው ያስደነገጠችው ኩባንያውን በመርገም አልነበረም። የተቆለፈው የቁም ሳጥን በር እንዴት እንደተበሳ፣ እዚያ ውስጥ የደበቀችው ፓስፖርትና የአያቷ ጌጣጌጥ እንዴት እንደተወሰደ አንድ በአንድ ተናገረች፤ ያነበበው አከራይ ሁሉ የራሱን ቁም ሳጥን አሰበ። ደግሞም ሙሉ ስሟን አልገለጸችም፤ በሁለት ፊደላት ብቻ ነው የታወቀችው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ የብዙዎች ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ወረርሽኙ ጉዞን ሁሉ ሲያቆም፣ ኤርቢኤንቢ አከራዮች በየማስታወቂያቸው ያወጡትን የስረዛ ደንብ ወደ ጎን ትቶ ለእንግዶች ሙሉ ገንዘባቸውን እንደሚመልስ ወሰነ። ለእንግዶች ደኅንነት ሲባል ውሳኔው የሚገባ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ነገር ግን አከራዮቹን ማንም አላማከራቸውም፣ የቤት ብድር የሚከፍሉበት ገቢም በአንድ ሌሊት ተነነ። ቁጣቸው በየቦታው ተሰማ። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ቼስኪ ለአከራዮች በጻፉት ደብዳቤ ሳያማክሯቸው በመወሰናቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለተሰረዙ ቦታዎች በስረዛ ደንባቸው መሠረት ሊያገኙት ይችሉ ከነበረው 25 በመቶውን ለመክፈል 250 ሚሊዮን ዶላር መመደቡንም ገለጹ። ልብ ይበሉ፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ ጮኾ ያገኘው ሩቡን ነው። ይህን የምነግርዎ ተስፋ ላስቆርጥዎ ሳይሆን፣ ጽሑፍዎን ባወጡ ማግስት ሙሉ ፍትሕ ደጅዎ ላይ እንደሚቆም አድርገው እንዳይጠብቁና ሲቀር እንዳይሰበሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ባለቤትዎ ስጋት ልምጣ፤ ምክንያቱም እርሳቸው የተናገሩት የፈሪ ንግግር ሳይሆን የቤት ሒሳብ ነው። ከአሥር እንግዶች ዘጠኙ በአንድ በር የሚገቡ ከሆነ፣ የዚያ በር ቁልፍ ያለው ድርጅት እርስዎን ለመቅጣት ማሰብ እንኳ አያስፈልገውም። የፍለጋ ደረጃዎ ትንሽ ዝቅ ቢል፣ ዝቅ ያለው በጽሑፍዎ ምክንያት ይሁን በወቅቱ መቀዝቀዝ የሚያረጋግጡበት መንገድ የለዎትም። ይህ አለማወቅ በራሱ ሰውን ያሳምማል፤ በየማለዳው የቀን መቁጠሪያውን እየከፈቱ «ዛሬ ያልመጣው እንግዳ በእኔ አፍ ነው የቀረው?» እያሉ መኖር ይጀምራሉ። ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት ሦስት ወይም አራት ወር ወስደው ሌላ በር ይክፈቱ። በሁለተኛ መድረክ ላይ ይመዝገቡ፤ የራስዎ የሆነ ቀላል ገጽ ያዘጋጁ፤ አንደኛውን ክፍል ለረጅም ጊዜ ተከራይ መስጠት ያዋጣ እንደሆነ ያስሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ በመድረኩ በኩል የመጡ እንግዶችን በውስጥ መስመር አግባብተው ከመድረኩ ውጪ እንዲከፍሉ አያድርጉ። ይህ በአብዛኞቹ መድረኮች ውል የተከለከለ ነውና፣ እስከ ዛሬ ያላገኙብዎትን ጥፋት በገዛ እጅዎ ማቀበል ይሆናል።

በእነዚህ ወራት ውስጥ ማስረጃዎን ያሰባስቡ። አካውንት ሲዘጋ የሚዘጋው ማስታወቂያው ብቻ አይደለም፤ የስምንት ዓመት የእንግዶች አስተያየት፣ የክፍያ መዝገብ፣ ከደንበኞች አገልግሎት ጋር የተጻጻፉት ሁሉ አብሮ ከእጅዎ ይወጣል። ሁሉንም ዛሬውኑ አውርደው ከመድረኩ ውጪ ያስቀምጡ፤ ስክሪንሹት ሲያነሡ ቀኑ እንዲታይ ያድርጉ። የ41ዱን ቀናት የጊዜ ሰሌዳ በአንድ ገጽ ይሥሩ፤ በየትኛው ቀን ምን ጠየቁ፣ ምን ተመለሰልዎ፣ የትኛው ክፍያ መቼ ተያዘ፣ መቼ ተለቀቀ። ያያያዙልኝ ጽሑፍ 11 ገጽ ሲሆን እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለውም፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የጎደለው እርሱ ነው።

የት አገር እንደሚኖሩ አልጻፉልኝም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆኑ ከአደባባዩ በፊት ሊጠቀሙባቸው የሚገቡ መብቶች አሉ። ቁጥሩ 2019/1150 የሆነውና ከጁላይ 12 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ መድረኮች የነጋዴ ተጠቃሚን አገልግሎት ሲያግዱ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ አገልግሎቱን ጨርሰው ሲያቋርጡ ደግሞ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የጸናው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ደግሞ በእንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ በውስጥ የቅሬታ ሥርዓት ይግባኝ ለማለት ቢያንስ የስድስት ወር ጊዜ ይሰጣል፤ በቅሬታው ላይ የሚሰጠው ውሳኔም በማሽን ብቻ እንዳይሰጥ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሚሠራው የኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ መሠረትም ኩባንያው ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ በመርሕ ደረጃ መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። ከኅብረቱ ውጪ ከሆኑ ያለዎትን መብት የሚወስነው የአገርዎ ሕግና የፈረሙት ውል ነው፤ ውሉ ክርክርን ወደ ግልግል ዳኝነት የሚመራ አንቀጽ እንዳለው ጠበቃ አንብቦ እንዲነግርዎ አንድ ሰዓት ይክፈሉ። ያ አንድ ሰዓት የስም ማጥፋት ሕግ በአገርዎ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድም ይነግርዎታል።

የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን መንገድም አይናቁ፤ የሚዘገይ መሆኑን ግን ይወቁ። የስፔን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የማረፊያ ቦታ ማስያዣ መድረክ የሆነውን ቡኪንግ ዶት ኮምን በሆቴሎች ላይ ኢፍትሐዊ የውል ግዴታ ጥሏል በማለት ከ413 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የቀጣው፣ የሆቴል ማኅበራት በ2021 ባቀረቡት አቤቱታ መነሻነት ነው፤ ኩባንያውም ይግባኝ እንደሚል አስታውቋል። አቤቱታው ውሳኔ ላይ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። በሌላ በኩል በ2023 አጋማሽ ላይ ያው ኩባንያ በበርካታ አገሮች ላሉ አከራዮች ክፍያ ሲያዘገይና ምክንያቱ የቴክኒክ ችግር ነው ሲል፣ አከራዮቹ ጉዳዩን ለጋዜጠኞች አወጡት፤ የሃንጋሪ የውድድር ባለሥልጣንም በኦገስት ምርመራ ከፈተ። በሁለቱም ታሪኮች አቤቱታና አደባባይ ተጋግዘው ሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን አልተካም።

አሁን ስለ ጽሑፍዎ በቀጥታ ልናገር፤ ቢያመኝም የማልተወው ክፍል ነው። በገጽ ሁለት «ሌቦች» ይላሉ። ያውጡት። ገንዘብዎን ለ41 ቀናት ያለ ምክንያት መያዛቸውን በቀንና በመጠን መናገር ይችላሉ፣ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም፤ «ሌቦች» ያሉ ጊዜ ግን ክርክሩ እርስዎ ስለተናገሩት ቃል ይሆንና እነርሱ ያደረጉት ይረሳል። በገጽ አምስት የኩባንያውን ኃላፊ ቤተሰብ ያነሣሉ፤ ከጉዳዩ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። በገጽ ስድስት የዚያን እንግዳ ሙሉ ስምና ከእርሱ ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ አስፍረዋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ሰውየው ዋሽቶ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ዋሽቷል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የአንድን ግለሰብ ስም ለብዙ ሺህ ቁጡ አንባቢ መስጠት ፍርድ አይደለም፤ እርስዎ የከሰሱትን ሳይጠይቁ መቅጣት በሌላ ሰው ላይ መፈጸም ነው። በዚያ ላይ የግል መረጃ ማውጣቱ አካውንትዎን በሕጋዊ ምክንያት ለመዝጋት ይበቃል። ምክንያት አጥተው የዘጉብዎትን በር ምክንያት ሰጥተው አያስዘጉት።

በገጽ ሰባት ደግሞ «በሺዎች የምንቆጠር አከራዮች» ይላሉ። ይህን ሊያረጋግጡ አይችሉም። እዚህ ላይ ስለ እነዚያ «ተናገሪልን» ስለሚሉዎት ሰዎች የማስበውን ልግለጽ። ፍርሃታቸውን አልነቅፍም፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ሌላ ገቢ የላቸው ይሆናል። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ አድርጎ ከኋላ ሆኖ «በርቺ» ማለት አብሮ መቆም አይደለም። እያንዳንዳቸውን የደረሰባቸውን ነገር በሁለት አንቀጽ፣ ከነቀኑ ጽፈው እንዲሰጡዎ ይጠይቋቸው። ስማቸውን ለሕዝብ ባይሰጡ እንኳ ለአንድ የታመነ ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ ሊሰጡ ይችላሉ። አምስት ሰው ከጻፈ «እኛ አምስት አከራዮች» ይበሉ። ማንም ካልጻፈ ደግሞ «እኛ» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ ሙሉ በሙሉ አውጥተው የራስዎን ብቻ ይመስክሩ፤ ያልወከለዎትን ሰው ወክለው ከተናገሩ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ብቻዎን መቅረት የሚያመጣውን ምሬት በሌሎች ላይ አይቼዋለሁ።

ስምን መግለጽ ወይስ መደበቅ? ስምዎን ቢደብቁም ቀኑን፣ የእንግዶቹን ቁጥርና የተያዘውን ገንዘብ ከጻፉ ኩባንያው በደቂቃዎች ውስጥ ያውቅዎታል። ስለዚህ ስም መደበቅ የሚጠብቅዎት ከኩባንያው ሳይሆን ከማያውቁዎት ሰዎች ስድብና፣ ቤትዎን ፈልጎ ከሚመጣ እብሪተኛ ነው። አድራሻዎ በማስታወቂያው ካርታ ላይ የሚገኝ፣ ቤትዎም የሚኖሩበት ስለሆነ ይህ ጥበቃ ትንሽ አይደለም። የሳን ፍራንሲስኮዋን ሴት ያስታውሱ፤ ሙሉ ስሟ ሳይታወቅ ነው ያን ሁሉ የለወጠችው። ታሪኩን በጋዜጠኛ በኩል ቢያወጡት ስምዎን ጋዜጠኛው አውቆ ለአንባቢ ሳይገልጽ ሊቀር ይችላል፤ እኔ ይህን መንገድ እመርጥልዎታለሁ፣ ምክንያቱም ጋዜጠኛው ኩባንያውን መልስ መጠየቁ ስለማይቀር ነው።

ጽሑፉን ራስዎ የሚያወጡት ከሆነ ግን መልስ መጠየቁ የእርስዎ ድርሻ ነው። ከማውጣትዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ለኩባንያው ይጻፉ፤ «ይህን ልናገር ነው፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ» ይበሉ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ «ይህን ያህል ካልከፈላችሁኝ አወጣዋለሁ» የሚል መንፈስ ያለው አንድ ቃል እንኳ እንዳይኖር። ካሣ መጠየቅ መብትዎ ነው፣ መናገርም መብትዎ ነው፤ ሁለቱን ያሰሩ ዕለት ግን ማስፈራራት ይባላል፣ በብዙ አገር ሕግም ያስጠይቃል። ምናልባት ደብዳቤው ሲደርሳቸው ገንዘብ አቅርበው የዝምታ ውል እንዲፈርሙ ይጠይቁዎት ይሆናል። ያን ቀን ምን እንደሚመልሱ ከአሁኑ ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ። ተቀብለው ዝም ቢሉ እኔ አልፈርድብዎትም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነዎት። ድንገት ተደውሎልዎ በድንጋጤ እንዳይፈርሙ ብቻ ነው የምሰጋው።

ጽሑፉ የሚጠይቀውም አንድ ግልጽ ነገር ይኑር። አሁን ባለበት መልኩ ኮሚሽን እንዲቀነስ፣ የአስተያየት ሥርዓቱ እንዲቀየር፣ ኃላፊዎቹ እንዲነሡ፣ የእርስዎም ገንዘብ እንዲመለስ ይጠይቃል፤ ሁሉን የጠየቀ ሰው ማንም ምን እንደሚመልስለት አያውቅም። ከደረሰብዎት ነገር በቀጥታ የሚወጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ አካውንት ሲታገድ የተጣሰው ደንብ በጽሑፍ ተገልጾ ሰው የሆነ ሠራተኛ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያየው፣ አርፈው የሄዱ እንግዶች ኪራይም በእገዳ ሰበብ እንዳይያዝ። ማንኛውም ቅን አንባቢ እነዚህን ሲሰማ «ይህማ እንዴት እስከ ዛሬ አልነበረም?» ይላል። ሌላውን ሁሉ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

የሚያወጡበትንም ጊዜ ይምረጡ። ቦታ የያዙ እንግዶች በበዙበት ወቅት አይሁን፤ አካውንትዎ እንደገና ቢዘጋ መንገድ ላይ የሚቀሩት እነርሱ ናቸውና። የቀን መቁጠሪያዎ በሚሳሳበት ወር ያድርጉት። ከወጣ በኋላ ለሚመጣው አስተያየት ሁሉ መልስ አይስጡ፤ የስህተት ማረሚያ ካለ በግልጽ ያርሙ፣ ለቀረው ያ የጊዜ ሰሌዳ መልስ ይሁን።

አሥራ አንዱ ገጽ ወደ ሁለት ተኩል ቢወርድ እመኛለሁ። የአሁኑ መግቢያዎ ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ኃይል የሚያትት አንድ ሙሉ ገጽ ነው፤ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነው። ገጽ አራት ላይ ግን ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችል አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ረጃጅም አንቀጾች መካከል ተቀብሮ አገኘሁ፦ «በ19ኛው ቀን፣ ቦታ ይዛ የነበረች አንዲት እናት ደውላ ‹ምን አድርገናችሁ ነው የሰረዛችሁን?› ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ።» ከዚያ ይጀምሩ።